አባ አንሪ ብረይ፦ የዓለት ምልክቶች አንባቢ

በመስከረም ወር 1901 ሦስት ሰዎች ሻማ ይዘው፣ በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ሌዜዚ በተባለች መንደር አጠገብ ወደሚገኝ አንድ ጠባብ ዋሻ ገቡ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አንደኛው ሉዊ ካፒታን የተባሉ ሐኪም፣ ሁለተኛው ዴኒ ፔሮኒ የተባሉ የመንደሩ አስተማሪ ነበሩ፤ ሦስተኛው ደግሞ ክህነት ከተቀበሉ ብዙም ያልቆዩ የ24 ዓመት ወጣት ቄስ ነበሩ። ኮምባሬል የተባለው ይህ ዋሻ ከ200 ሜትር በላይ ወደ ተራራው ሆድ እየተጠማዘዘ የሚዘልቅ፣ በብዙ ቦታ ጎንበስ ላላለ ሰው የማይመች ፍልፍል ነው። መብራት ከፊት ለፊቱ ሲያበሩበት ግድግዳው ባዶ ይመስላል። ሻማው ወደ ጎን ተይዞ ብርሃኑ አግድም ሲያርፍበት ግን፣ በድንጋይ ስለት የተፋቀው ቀጭን ጭረት ጥላ ይቋጥርና ፈረሱ፣ ጠጉራሙ ዝሆን ማሞት፣ ባይሰን የተባለው ጎሽ መሰል እንስሳና አጋዘኑ አንዱ በሌላው ላይ ተደራርቦ ከዓለቱ ብቅ ይላል። ከአራት ቀን በኋላ ፔሮኒ እዚያው አካባቢ ባለው በፎንደጎም ዋሻ ውስጥ በቀለም የተሣሉ እንስሳት አገኙ። የወጣቱ ቄስ የአባ አንሪ ብረይ የቀረው ዕድሜ በእነዚህ ጥቂት ቀናት ተወሰነ ማለት ይቻላል።

አባ ብረይ የካቲት 28 ቀን 1877 በኖርማንዲ አውራጃ ሞርተን በተባለች ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የሕግ ሰው ነበሩ። በልጅነታቸው ነፍሳትን ማጥመድና መለየት ይወዱ እንደነበር ይነገራል፤ ይህ ጥቃቅን ልዩነትን የመመልከት ልማድ ኋላ ለሥራቸው ዋና መሣሪያ ሆኗቸዋል። በዘርዓ ክህነት ትምህርት ቤት ሳሉ ስለ ሰው ዘር ጥንታዊነት እንዲያነቡ ያበረታቷቸው መምህር አጋጠሟቸው። በ1897 ደግሞ በደቡብ ፈረንሳይ የበረዶ ዘመን ሰው በአጥንትና በቀንድ ላይ የቀረጻቸውን ምስሎች ይሰበስቡ የነበሩትን አረጋዊውን ኤዱዋር ፒዬትን ተዋወቁ። በ1900 ክህነት ተቀበሉ፤ ነገር ግን ጳጳሳቸው ደብር ሳይረከቡ ለምርምር እንዲሠማሩ ፈቀዱላቸው። ስለ ሰው ልጅ ዕድሜ መናገር ለአንድ ካህን ቀላል ባልነበረበት ዘመን፣ እርሳቸው ስለ ነገረ መለኮት እምብዛም ሳይጽፉ፣ ድንጋዩ የሚለውን ብቻ እያሳተሙ፣ እስከ ዕለተ ሞታቸው ካህንም ሊቅም ሆነው ኖሩ። ወዳጃቸው ቴያር ደ ሻርደን በዚያው መንገድ ሲሄዱ ብዙ ፈተና ገጥሟቸዋል።

የኮምባሬል ግኝት ምን ያህል ክብደት እንደነበረው ለመረዳት ወደ ኋላ ሃያ ዓመት መመለስ ያስፈልጋል። በ1879 በሰሜን ስፔን ማርሴሊኖ ሳንስ ደ ሳውቱኦላ የተባሉ ባላባት፣ ከትንሽ ሴት ልጃቸው ጋር በአልታሚራ ዋሻ ሳሉ፣ ልጅቱ ቀና ብላ በጣሪያው ላይ የባይሰን ሥዕሎችን አየች። አባትየው የጥንት ሰው ሥራ ነው ብለው አሳተሙ። የዘመኑ ሊቃውንት ግን አላመኑም፤ በዋሻ የሚኖር አዳኝ እንዲህ ያለ ጥበብ ሊኖረው አይችልም አሉ፤ በማጭበርበርም የጠረጠሯቸው ነበሩ። ሳውቱኦላ እንደ ተጠረጠሩ በ1888 ሞቱ። የኮምባሬልና የፎንደጎም ማስረጃ ከተገኘ በኋላ፣ ከዋናዎቹ ተቃዋሚዎች አንዱ የነበሩት ኤሚል ካርታይያክ በ1902 ስሕተታቸውን በጽሑፍ ተናዘዙና ወጣቱን ቄስ አስከትለው ወደ አልታሚራ ተጓዙ። ንስሐው ከሟቹ ዘንድ አልደረሰም፤ በዚህ የጥናት ዘርፍ ታሪክ ግን የመጀመሪያው ምዕራፍ እርሱ ነው።

በአልታሚራ አባ ብረይ ጆንያ አንጥፈው፣ በጀርባቸው ተኝተው፣ በሻማ ብርሃን ዝቅተኛውን ጣሪያ ይገለብጡ ጀመር። የዋሻው እርጥበት በውኃ የሚበጠበጥ ቀለም ስላላደረቀላቸው በፓስቴል እርሳስ መሥራት ግድ ሆነባቸው። እዚያም አንድ ነገር አስተዋሉ፤ የጥንቱ ሠዓሊ ጣሪያውን እንደ ባዶ ሰሌዳ አልቆጠረውም። ዓለቱ ወደ ታች ያበጠበት ቦታ የተኛ ባይሰን ጀርባና ሆድ ሆኗል፤ ስንጥቁ የእግር መስመር ሆኗል። ሥዕሉ ከመሣሉ አስቀድሞ ግማሹ በድንጋዩ ውስጥ ነበረ። ከዚህ በኋላ የሚነሣው ጥያቄ ሁሉ፣ ማለትም ምልክቱ ስለ ምን ይናገራል፣ ለምንስ እዚህ ቦታ ተደረገ የሚለው፣ ከዚሁ አስተውሎት የሚመነጭ ነው። የአልታሚራ መጽሐፍ በሞናኮው ልዑል በቀዳማዊ አልቤር ገንዘብ ድጋፍ በ1906 ታተመ። እኚሁ ልዑል በ1910 በፓሪስ የሰው ልጅ ጥንታዊ ቅሪት ጥናት ተቋምን ሲመሠርቱ አባ ብረይን በመምህርነት አስገቧቸው።

ከዚያ በኋላ ያለው የሥራ ዝርዝር ረጅም ነው። በ1912 የኋለኛውን የጥንታዊ ድንጋይ ዘመን ክፍሎች ቅደም ተከተል የሚወስን ጥናት አቀረቡ፤ መሠረቱ ዛሬም በትምህርት ቤት ይሰጣል። በ1929 በኮሌዥ ደ ፍራንስ የተቋቋመው የቅድመ ታሪክ ወንበር የመጀመሪያው ባለቤት ሆኑ፤ እስከ 1947ም አስተማሩበት። በመስከረም 1940 የላስኮ ዋሻ ሲገኝ በአቅራቢያው ነበሩና ከጥቂት ቀናት በኋላ ደርሰው ጥንታዊነቱን አረጋገጡ። በራሳቸው ቆጠራ ከመሬት በታች ያሳለፉት ጊዜ ሰባት መቶ ቀን ያህል ይደርሳል።

ይሁን እንጂ መገልበጥ አንድ ነገር ነው፤ መተርጐም ሌላ ነገር። አባ ብረይ በመሠረቱ የተቀበሉት ትርጓሜ ሳሎሞን ሬናክ በ1903 ያቀረቡትን የአደን አስማት ሐሳብ ነበር። በዚህ አስተያየት መሠረት አዳኙ እንስሳውን በግድግዳ ላይ የሚቀርጸው በምስሉ አማካይነት በሕያው እንስሳ ላይ ሥልጣን ለማግኘት ነው። በኒዮ ዋሻ በባይሰኖቹ ጎን ላይ የተሣሉት የቀስት መሰል ምልክቶች ይህን የሚደግፉ መሰሉ። ሥዕሎቹ ሰው ከሚኖርበት ደጃፍ ርቀው በጨለማው ውስጥ መገኘታቸውም ምሥጢራዊ ሥርዓት እንደ ነበረ ያመለክታል ተባለ። እንግዲህ የቦታው አቀማመጥ ራሱ የምስክርነት ቃል ሆኖ ቀረበ ማለት ነው። ችግሩ ቃሉ ከአንድ በላይ በሆነ መንገድ መነበብ መቻሉ ነው። ቀስት የሚመስለው ምልክት ያለባቸው እንስሳት ከጠቅላላው ጥቂቶቹ ናቸው፤ በየዋሻው ደጃፍ የተቆፈረው የምግብ ትራፊ አጥንትም ብዙ ጊዜ በግድግዳው ላይ ከበዙት እንስሳት ጋር አይገጥምም። ሰዎቹ የበሉትንና የቀረጹትን ለይተው ያውቁ ነበር ማለት ነው።

በ1914 በፒሬኔ ተራሮች ግርጌ የካውንት ቤጉዌን ሦስት ልጆች ያገኙት ትሯ ፍሬር፣ ማለትም የሦስቱ ወንድማማቾች ዋሻ፣ የዚህን ትርጓሜ ኃይልም ድካምም በአንድነት ያሳያል። በዋሻው መጨረሻ ባለው አዳራሽ ግድግዳው በመቶ በሚቆጠሩ ተደራራቢ ጭረቶች ተሸፍኗል፤ አባ ብረይ መስመር ከመስመር እየለዩ ዓመታት የፈጀ ግልባጭ ሠርተዋል። ከዚህ ሁሉ በላይ፣ ከወለሉ አራት ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ከፊሉ የተፋቀ ከፊሉ በጥቁር ቀለም የተሣለ አንድ ፍጡር አለ። በእርሳቸው ግልባጭ የአጋዘን ቀንድ፣ የጉጉት ዓይን፣ ረጅም ጢም፣ የፈረስ ጅራትና የሰው እግር አለው። ጠንቋዩ በሚል ስም ታወቀና በዓለም ላይ በየመማሪያ መጽሐፉ ታተመ። ኋላ ፎቶግራፍ ሲነሣ ግን ቀንዶቹ በግልጽ አልታዩም። አንዳንዶች ግልባጩን ተጠራጠሩ፤ ሥፍራው ድረስ ሄደው ያዩ ሌሎች ሊቃውንት ደግሞ ስስ ጭረቱን ፎቶግራፍ ሊይዘው ባይችልም ዓይን ያየዋል ብለው ለአባ ብረይ መሰከሩ። ነገሩ ከአንድ ቀንድ መኖርና አለመኖር የሰፋ ነው። እንዲህ ያለ ግድግዳ የሚገለብጥ ሰው የትኛው ጭረት የሰው እጅ ሥራ፣ የትኛው የዓለቱ ተፈጥሮ እንደ ሆነ በየቅጽበቱ መፍረድ አለበት፤ ፍርዱም ወደ ወረቀት ሲሻገር ማስረጃ ይባላል።

ከእንስሳቱ ይልቅ አስቸጋሪዎቹ ምልክቶቹ ናቸው። በፎንደጎም የጣሪያ ቅርጽ ያላቸው መስመሮች አሉ፤ አባ ብረይ እንደ ጎጆ ቆጠሯቸው፤ ሌሎች ወጥመድ ናቸው አሉ። ከእርሳቸው በኋላ አንድሬ ሌሯ ጉራን መጥተው፣ ምልክቱን ለብቻው ምን ይመስላል ብሎ መጠየቅ አያዋጣም፣ በዋሻው ውስጥ የት ነው ያለው፣ ከማንስ ጎን ነው ብሎ መጠየቅ ይገባል የሚል መንገድ ከፈቱ። በ1965 ባሳተሙት ታላቅ መጽሐፋቸው ፈረስና ባይሰን በዋናው አዳራሽ፣ አደገኞቹ አውሬዎች በጠባቡ መጨረሻ እንደሚበዙ በመቁጠር ዋሻውን በሥርዓት እንደ ተደራጀ ሕንጻ አነበቡት። ይህም ንባብ በተራው ብዙ ተነቅፏል። ቦታን ከምልክት ጋር አጣምሮ የመቁጠር ልማዱ ግን ጸንቷል።

የአባ ብረይ ስም ከዋሻ ጋር ቢያያዝም፣ በሜዳ ላይ ያደረጉት ጉዞ ሊዘነጋ አይገባም። በስፔን ተራሮች በእግርና በበቅሎ እየተዘዋወሩ፣ ሸለቆ ቁልቁል በሚያሳዩ የዓለት ጥግ መጠለያዎች ላይ በቀይ ቀለም የተሣሉትን፣ ሰውን በመስቀለኛ መስመር ፀሐይን በጨረር የሚያሳዩ አጫጭር ምልክቶች ሰበሰቡ፤ ከ1933 እስከ 1935 በአራት ቅጽ ታተሙ። በአየርላንድም ከማካሊስተር ጋር በሎክሩ ኮረብታ ላይ ያሉትን የድንጋይ መቃብሮች ቅርጾች አጥንተው በ1921 አሳተሙ። በእነዚያ ክበቦችና ጠመዝማዛ መስመሮች ውስጥ የሰው ፊትና አካል የማየት ዝንባሌ ነበራቸው። በ1980 ግን ሌላ ነገር ተስተዋለ፤ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ወቅት የማለዳ ፀሐይ በአንደኛው መቃብር መተላለፊያ ገብታ በጨረር መልክ የተቀረጸውን የኋላ ድንጋይ ታበራዋለች። የዚያ ድንጋይ ፍቺ ከኮረብታውና ከአድማሱ ተለይቶ በወረቀት ላይ የሚገኝ አልነበረም።

ወደ ኢትዮጵያ የመጡት በ1933 ነበር። ከአራት ዓመት አስቀድሞ ቴያር ደ ሻርደን፣ በቀይ ባሕር ንግድና ጀብዱ ከሚታወቁት ከአንሪ ደ ሞንፍሬድ ጋር፣ ከድሬዳዋ በስተደቡብ በገደል ላይ ያለ አንድ ዋሻ አይተው ነበር፤ ፈረንሳዮቹ ፖርኬፒክ አሉት፤ ጃርት ማለት ነው። ዋሻው የደቻቱን ወንዝ ቁልቁል የሚያይ ከፍተኛ ሥፍራ ነው። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ብቻ ሆኖ ይታያል፤ ሲሞላ ግን ምን እንደሚያደርግ የነሐሴ 2006 ጎርፍ ያየ ሁሉ ያውቃል። አባ ብረይ ከፖል ዌርነር ጋር ቆፍረው የድንጋይ መሣሪያዎችና የሰው የታችኛ መንጋጋ ክፋይ አገኙ። ግድግዳው ላይ የደበዘዙ ሥዕሎች አሉ። በ1970ዎቹ ቁፋሮው ሲቀጥል ብዙ ቀይ አፈር ወጣ፤ በ2017 የታተመ ጥናት 4,213 ቁራጭ፣ በክብደት 40 ኪሎ ያህል መሆኑን ቆጥሮ፣ ዕድሜውንም ወደ 40,000 ዓመት አድርሶታል። ግድግዳው ላይ ያሉት ሥዕሎች ከዚያ እጅግ የቅርብ ጊዜ ናቸው ተብሎ ስለሚገመት ሁለቱን ማያያዝ አይገባም። ቢሆንም በዚያ ገደል ላይ ቀለም ፈጭቶ መጠቀም ምን ያህል የቆየ ልማድ እንደሆነ ያሳያል።

በሐረር አካባቢ ገንደ ቢፍቱ ወይም ሱሬ በተባለው ሥፍራ ደግሞ ብዙ የከብት ሥዕሎች ገለበጡ፤ በ1934ም በፈረንሳይኛ የሰው ዘር ጥናት መጽሔት ላይ አሳተሟቸው። ከብቶቹ ሻኛ የላቸውም፤ ቀንዳቸው ረጅም ነው። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ዛሬ በሀገሪቱ የሚበዛው ሻኛ ያለው ከብት ኋላ የመጣ ስለሆነ፣ ሻኛ የሌለው መንጋ የሥዕሉን ጥንታዊነት ይጠቁማል። አባ ብረይ አንዱ ሥዕል በሌላው ላይ የተደረበበትን ቦታ እየፈለጉ የትኛው እንደ ቀደመ ለዩ። ከእርሳቸው በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ከቀይ ባሕር ማዶ በዐረብ ምድርም ተመሳሳይ ከብቶች ስላገኙ፣ ሱሬን ከአንድ የዐረብ ሥፍራ ስም ጋር አጣምረው ለመላው ዘይቤ መጠሪያ አደረጉት።

በእነዚህ ከብቶች ላይ አንድ ልብ የሚባል ነገር አለ። አካላቸው ከጎን ታይቶ፣ ቀንዳቸው ግን ከፊት ወይም ከላይ እንደታየ ሆኖ ተሥሏል። አባ ብረይ በፈረንሳይ ዋሻዎች ይህንኑ አሣሣል ሲያገኙ ጠማማ እይታ ብለው ሰይመውት፣ የቀደመና ያልበሰለ ዘመን ምልክት ነው ብለው በዚሁ ላይ የዘመን ቅደም ተከተል ገንብተውበት ነበር። የሐረር እረኛ ሠዓሊ ግን ከአውሮፓ የበረዶ ዘመን በብዙ ሺህ ዓመት ዘግይቶ ቀንዱን እንዲሁ አድርጎ ሣለው። ምክንያቱን ከብት አርቢ የሆነ ሁሉ ሊገምተው ይችላል፤ የበሬ ውበቱም መለያውም ቀንዱ ነውና ሁለቱም ቀንድ ሙሉ ሆኖ መታየት አለበት። የቅደም ተከተሉን ግንብ ያፈረሰው ግን በ1994 የተገኘው የሾቬ ዋሻ ነው፤ ከ30,000 ዓመት በላይ ዕድሜ ተሰጥቶት ሳለ ሥዕሎቹ እጅግ የረቀቁ ሆነው ተገኙ።

አባ ብረይ ያላዩት አንድ የኢትዮጵያ ሥፍራም እዚህ ሊወሳ ይገባዋል። ዲላ አካባቢ በሸፔ፣ ጅረት በሚወርድበት ጠባብ ሸለቆ ግድግዳ ላይ ሃምሳ ያህል ላሞች ከዓለቱ ተፈልፍለው ተቀርጸዋል፤ ፍራንሲስ አንፍሬ በ1967 አሳወቋቸው። ግታቸው ጎልቶ፣ ሁሉም በአንድ ረድፍ ውኃ እንደሚወርድ መንጋ ተከታትለው ይታያሉ። ሸለቆውን ሳያዩ ላሞቹን ብቻ በወረቀት ማየት ግማሹን ማጣት ነው።

የአባ ብረይን ስም እጅግ የጎዳው በናሚቢያ የተፈጸመው ነው። በ1918 ራይንሃርድ ማክ የተባሉ ጀርመናዊ ቀያሽ ከብራንድበርግ ተራራ ሲመለሱ በጺሳብ ሸለቆ ባለ መጠለያ አርባ ሳንቲ ሜትር ያህል ቁመት ያለው የሰው ምስል አይተው በማስታወሻቸው ነደፉ። አባ ብረይ ግልባጩን በ1929 በደቡብ አፍሪካ ተመለከቱት። በጦርነቱ ዘመን በጄኔራል ስመትስ ግብዣ ወደ ደቡብ አፍሪካ ተመልሰው ከ1942 እስከ 1945 ቆዩ፤ በ1947ም ከረዳታቸው ከሜሪ ቦይል ጋር ሥፍራው ደረሱ። ምስሉ ከወገቡ በታች ነጣ ያለ ነው። አባ ብረይ ሴት ናት፣ አፍሪካዊት አይደለችም፣ ከሜዲትራኒያን፣ ምናልባትም ከቀርጤስ ደሴት የመጡ ተጓዦች ትዝታ ናት ብለው ፈረዱ። ነጯ እመቤት የሚለው መጽሐፋቸው በ1955 ታተመ።

የደቡብ አፍሪካ አርኪዮሎጂስቶች ገና ከጅምሩ ተቃወሙ። ቀስትና ፍላጻ የያዘው ምስል ጡት የለውም፤ ወንድ ነው። ነጩ በሥርዓት ጊዜ የሚቀባ ቀለም ሊሆን ይችላል፤ በክንድና በእግር ያለው ጌጥም ለአካባቢው ሕዝብ እንግዳ አይደለም። ሥዕሉ በዙሪያው ካሉት በሺህ ከሚቆጠሩት የብራንድበርግ ሥዕሎች የሚለይበት ምክንያት አልነበረም፤ የሳን አዳኞች ሥራ ነው። ይህ ስሕተት በአንድ ሰው ዓይን ድክመት ብቻ አይታለፍም። የዚያ ዘመን የደቡባዊ አፍሪካ ገዥዎች፣ በምድሪቱ ያለው ጥሩ ነገር ሁሉ ከባሕር ማዶ መጥቷል የሚል ታሪክ ይሹ ነበር፤ ታላቁ ሊቅም ሳያስቡት ይሁን አስበው ሰጧቸው። ሳውቱኦላን የገጠማቸው የጥርጣሬ ቃል፣ እነዚህ ሰዎች እንዲህ ሊሠሩ አይችሉም የሚለው፣ በእርሳቸው አፍ ዞሮ ተመለሰ።

ከሁሉ የሚያሳዝነው መልሱ ቀድሞ ታትሞ መኖሩ ነው። በ1873 ጆሴፍ ኦርፔን የተባሉ ሹም በማሎቲ ተራሮች ቺንግ ከተባለ የሳን መሪ ጋር እየተጓዙ ስለ ዓለት ሥዕሎቹ ጠይቀውት፣ የሰጠውን ማብራሪያ በዓመቱ አሳትመው ነበር። በኬፕታውንም ብሌክና ሎይድ ከሳን እስረኞች አፍ የጻፉት ሰፊ ቃል ከፊሉ በ1911 ወጥቶ ነበር። ዝናብ አምጪዎች፣ በጭፈራ ተመስጠው ነፍሳቸው የምትሄድ ፈዋሾች፣ እንደ እንስሳ የሚመሰል ዝናብ፤ ሁሉም በዚያ ውስጥ አለ። ዴቪድ ልዊስ ዊሊያምስ ይህን ቃል ከሥዕሎቹ ጋር ጎን ለጎን አድርገው ሲያነቡ፣ ዓለቱ ራሱ በዚህ ዓለምና በመናፍስት ዓለም መካከል ያለ መጋረጃ እንደ ነበረ፣ እንስሳቱም ከስንጥቁ የሚወጡት ስለዚህ እንደሆነ ለማሳየት ቻሉ። የእርሳቸው ትርጓሜም ያለ ተቃዋሚ አልቀረም፤ ነገር ግን ቢያንስ ከሥዕሎቹ ባለቤቶች ቃል ይነሣል። ግድግዳን እንደ አባ ብረይ ያነበበ አልነበረም፤ በዚህ ጉዳይ ግን ግድግዳውን ብቻ አነበቡ።

አባ ብረይ ነሐሴ 14 ቀን 1961 ከፓሪስ አቅራቢያ ሊልአዳም በተባለች ከተማ በ84 ዓመታቸው ዐረፉ። ጥንታዊው ጥበብ የጨለማ ዋሻ ጥበብ ነው የሚለው የዘመናቸው እምነት ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት ቆየ። በ1994 በፖርቱጋል የኮዋ ወንዝ ሸለቆ ቅርጾች ዜና ሲሰማ፣ የበረዶ ዘመን ፈረሶችና የዱር በሬዎች በጠራራ ፀሐይ፣ በወንዝ ዳር ገደሎች ላይ ተቀርጸው ተገኙ፤ ሊያጥለቀልቃቸው የነበረው ግድብ ሥራ ቆመ፤ ሸለቆውም በ1998 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። የላስኮ ዋሻ የጎብኚ ትንፋሽ ስለጎዳው በ1963 ለሕዝብ ተዘጋ። በብራንድበርግ ደግሞ ጎብኚዎች ቀለሙ ደምቆ እንዲታያቸው በነጯ እመቤት ላይ ውኃና ሌላም ፈሳሽ ሲረጩ ኖረው ምስሉ ደበዘዘ፤ ዛሬ በብረት አጥር ተከልሏል። ከዚያ ምስል ዝርዝር አንዳንዱን ለማየት የሚሻ ተመራማሪ የሚያወጣው ማክ የነደፉትንና አባ ብረይ የገለበጡትን ወረቀት ነው።